ከቃሊቲ እስከ ዱከም፦ ኤአይ የሚገባው በጽሕፈት ጠረጴዛው በኩል ነው

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) እና ስለ ሥራ ሲወራ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ሮቦት ነው፤ ልብስ የሚሰፋ፣ ካርቶን የሚደረድር፣ መኪና የሚነዳ። ከቃሊቲ ተነስቶ በገላን አድርጎ ዱከም የሚደርሰውን መንገድ ግራና ቀኙን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ሥዕል ያሳስታል። በዚህ መስመር ላይ የሰው እጅ ገና ርካሽ ነው። መብራት ይቆራረጣል፤ መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ምንዛሪ ወረፋ አለው። በወር ጥቂት ሺህ ብር የሚከፈላትን የስፌት ኦፕሬተር በማሽን እተካለሁ የሚል ባለሀብት ሒሳቡ አይመታለትም። ጨርቅ ደግሞ እንደ ብረት አይደለም፤ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። እጅጌን ከትከሻ ጋር አስተካክሎ መግጠም እስካሁን የሰው ጣት ሥራ ነው።

ኤአይ የሚገባው በሌላ በር ነው። ከማሽኑ አዳራሽ ጎን ባለችው ቢሮ፣ ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘው የገቡ ልጆች ኢንቮይስ በሚገለብጡበት፣ ደብዳቤ በሚጽፉበት፣ ደመወዝ በሚያሰሉበት ጠረጴዛ በኩል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ጥናትም በጣም የተጋለጠው የጽሕፈትና የመዝገብ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዘርፍ ካሉት ተግባራት 24 በመቶው በከፍተኛ፣ 58 በመቶው በመካከለኛ ደረጃ ለቴክኖሎጂው የተጋለጡ ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሊተካ የሚችለው የሥራ ድርሻ ግን ከጠቅላላው 0.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በሀብታሞቹ አገሮች 5.5 በመቶ ነው። ይህን 0.4 አይቶ እፎይ የሚል አለ። እኔ አልልም። ቁጥሩ ያነሰው እኛ ስለተጠበቅን ሳይሆን ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ሰው ከጠቅላላው ሠራተኛ ትንሽ ስለሆነ ነው። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ አንድ ልጅ አስተምሮ የሚያስገባው ደግሞ እዚያችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። የጽሕፈት ሥራ ላይ ሴቶች ስለሚበዙ ጫናው ለነሱ ይብሳል፤ ጥናቱም ይህንኑ አረጋግጧል።

ስለዚህ ጉዳይ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚህ መስመር በኤአይ ምክንያት በጅምላ የሚባረር ሰው አልጠብቅም። የምፈራው የማይቀጠረውን ነው። አምስት ጸሐፊ የነበረው ድርጅት አንዷ ስትለቅ ቦታዋን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ አራቱ በኤአይ ታግዘው የአምስቱን ሥራ ይሸፍናሉ። ማንም ስንብት አልተጻፈለትም፣ ማንም አልከሰሰም። ዘንድሮ የተመረቀችው ልጅ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምትፈልገውን ክፍት ቦታ አታገኝም። ያልወጣ ማስታወቂያ በየትኛውም የሥራ አጥ ቁጥር ውስጥ ለብቻው አይታይም።

የአንድ ኮንቴይነር ወረቀት

ነገሩ እንዲጨበጥ ጅቡቲ የደረሰ የአንድ ኮንቴይነር ጨርቅና አልባሳት ወረቀት እንከተል። ገላን ያለው አስመጪ ቢሮ ቢያንስ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ኮሜርሻል ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የጭነት ዝርዝር)፣ የትውልድ አገር ሰርተፊኬትና የባንክ ፈቃድ ይደርሰዋል። የጀማሪዋ ሥራ እነዚህን ጎን ለጎን አድርጋ ማመሳከር ነው። የካርቶን ብዛት ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ይገጥማል? የተጣራ ክብደት ከጠቅላላ ክብደት ተለይቷል? የኮንቴይነር ቁጥሩ በሁሉም ላይ አንድ ነው? ከዚያ ለትራንዚተሩ፣ ማለት ለጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ የሚሰጥ ሠንጠረዥ ታዘጋጃለች፤ እሱ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ መግለጫውን) ይሞላል።

ጥሩ ኤአይ አምስቱን ወረቀት በፎቶ አንብቦ ሠንጠረዡን በደቂቃዎች ያወጣል። ከግማሽ ቀን ያላነሰ ሥራ ነበር። ስህተቱ ያለው ግን በሚያነበው ላይ ነው። የኮንቴይነር ቁጥር አራት የላቲን ፊደልና ሰባት አሃዝ አለው፤ የመጨረሻው አሃዝ ከቀደሙት ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ደብዝዞ የተቃኘ ወረቀት ላይ ዜሮን ከ«ኦ»፣ አንድን ከ«አይ» ፊደል ቢያምታታ ያ የመጨረሻ አሃዝ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ኤአይ ያነበበውን ቁጥር ሳያሰሉ መቀበል ስንፍና ነው፤ ማስሊያው ኤክሴል ላይ በአንድ ቀመር ይሠራል፣ አንዴ ከተሠራ ለዘላለም ያገለግላል።

ከዚህ የሚከብደው የታሪፍ ኮዱ፣ ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበት ቁጥር፣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በዓለም አንድ ናቸው። የሹራብ ጨርቅ ልብስ ምዕራፍ 61 ውስጥ ይገባል፣ የተሸመነው ደግሞ ምዕራፍ 62 ውስጥ። ኢንቮይሱ ላይ «የሴቶች ላይኛ ልብስ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ኤአይ ከሁለቱ አንዱን በልበ ሙሉነት ይመርጣል። እንደማያውቅ አይነግራችሁም። ለይቶ የሚያውቀው ናሙናውን በእጁ ስቦ፣ ክሩ ሰንሰለት እየሠራ መሆኑን ወይም ቁምና አግድም መተላለፉን ያየ ሰው ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚፈርመውና ቅጣቱ የሚመጣበትም ሰው ነው። ስለዚህ ትራንዚተሩ ይቀራል፣ ጨርቅ የሚያውቀው ይቀራል፤ በመካከል ቁጥር ስታመላልስ የነበረችው ናት ቦታዋ የሚጠበው።

መጋዘን ውስጥም እንዲሁ ነው። ሞዴል 19ና ሞዴል 22 (የዕቃ መቀበያና ማውጫ ቅጾች) በእጅ ጽሑፍ የሚሞሉበት ቦታ ላይ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ንባብ ገና ደካማ ነው። ኤአይ የቢን ካርዱን (መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠለውን) ድምር ከስቶክ ካርዱ (ቢሮ ከሚቀመጠው) ጋር ያስታርቃል፤ መደርደሪያ ላይ ያለውን ግን አይቆጥርም። ቆጠራ ወርዶ የሚቆጥር ስቶር ኪፐር ሥራው አይነካም ማለት ይቻላል። ካርድ ብቻ እያነበበ ሪፖርት የሚጽፈው ግን ይነካል።

ኤአይ እዚህ ለምን ይሳሳታል

ሠራተኛ ሥራውን ይዞ የሚቆየው ማሽኑ የማያውቀውን ሲያውቅ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ብዙ ነው፤ በዝርዝር መያዝ አለበት።

መጀመሪያ ፊደሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ ብቻ። የቋንቋ ሞዴሎቹ ጽሑፍን ቆራርጠው ስለሚያነቡ የአማርኛ ገጽ ከእንግሊዝኛው በብዙ ቁርጥራጭ ይበተናል። ውጤቱ ሁለት ነው፦ በአጠቃቀም መጠን የሚከፈልበት አገልግሎት ለአማርኛ ይወደዳል፤ ረጅም ሰነድ ስንሰጠው ደግሞ ማስታወሻው ቶሎ ይሞላና መጀመሪያ ላይ ያለውን ይዘነጋል። ሠላሳ ገጽ የኅብረት ስምምነት በአንድ ጊዜ ከማስገባት በአንቀጽ ከፍሎ መስጠት ይሻላል።

ስሞች ሌላ ጣጣ ናቸው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተር ሦስት። ኃይሉና ሃይሉም እንዲሁ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደውና የአንድ አባት ልጆችን ያቀላቅላል፣ ወይም አቶ እገሌን በአባታቸው ስም ይጠራል። 800 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ውስጥ በስምና በአባት ስም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። መፍትሔው ዝርዝርን በስም አለማገናኘት ነው፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ወይም የፋይዳ ቁጥር ሁልጊዜ በመጀመሪያው ዓምድ ይቀመጥ።

ቀንና ሰዓት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ባለው ጊዜ ወደ ፈረንጆቹ ለመሄድ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። ጥር 5 ቀን 2018 ማለት በእነሱ ጃንዋሪ 13፣ 2026 ነው። ኤአይ 7 ደምሮ 2025 ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ የኮንትራት ማብቂያ ቀን ላይ ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋ። ጳጉሜ ሲመጣ ደግሞ 13ኛ ወር የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ «ፈረቃው ጠዋት 2፡30 ይገባል» የሚለውን በፈረንጆቹ ሌሊት 2፡30፣ ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8፡30 አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። «ለዓርብ አጥቢያ 8 ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁትን የአደጋ ሪፖርት ሐሙስ ያድርገው ዓርብ አታውቁትም። የሌሊት ፈረቃ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው ከዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጽሑፋችን የማያሳየው አለ። «ማሽኑ ይሠራል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ገና ሊጠገን ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። የጥገና ሪፖርት ለኤአይ አስተርጉሞ ለውጭ ሥራ አስኪያጅ የሚያቀርብ ሰው ይህን ካላስተካከለ ገና ያልተጠገነ ማሽን እንደሚሠራ ሆኖ በዕቅድ ላይ ይቆጠራል። «ማሽኑን አቁመው» ማለትም አጥፋው ነው ወይስ ቀጥ አድርገህ ትከለው? ሰው ያለበትን ሁኔታ አይቶ ይረዳል።

አስተርጓሚዎችና የጽሕፈት ቤቶች

ዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተከፈተ ወዲህ የቻይንኛ አስተርጓሚነት በዚህ መስመር ጥሩ ከሚያስከፍሉ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ቻይንኛ ተምረው፣ ፋብሪካ ገብተው፣ ቤተሰብ የሚደግፉ ልጆች አሉ። ይህ ሥራ አሁን በስልክ ትርጉም እየተገፋ ነው። ቴክኒሺያኑ ስልኩን አውጥቶ ይናገራል፣ ስልኩ ይመልሳል። ለ«መርፌው ተሰብሯል» ይበቃል። ሆኖም ከአማርኛ ወደ ቻይንኛ የሚደረገው ትርጉም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚያልፍ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንተና አንቺና እርስዎ ይጨፈለቃሉ። ሠራተኛዋ «እሺ» ስትል ሰማሁ ማለቷ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ግን ተስማማሁ ብሎ ያደርስላታል። የደመወዝ ድርድርና የዲሲፕሊን ጉዳይ በስልክ ትርጉም ሲካሄድ ዝም ማለት አይገባም፤ ሠራተኛ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይነበብለት። አስተርጓሚ ለሆነ ሰው የምመክረው ከተራ የአዳራሽ ትርጉም ወጥቶ ወደ ማሽን ተከላ፣ ወደ ውልና ወደ ደኅንነት ሥልጠና እንዲጠጋ ነው፤ እነዚህ ላይ የትርጉም ስህተት ጣት ወይም ብር ያስከፍላል።

ከወረዳና ከፍርድ ቤት በሮች ፊት ያሉት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ጉዳይ ደግሞ ያሳስበኛል። ሲቪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የምስክር ወረቀት ትርጉም፣ አቤቱታ በገጽ እያስከፈሉ ይጽፋሉ። ሲቪና ማመልከቻ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በራሱ የሚያጽፈው እየሆነ ነው። አቤቱታ ግን ሌላ ነው። ኤአይ የሌለ የሕግ አንቀጽ ፈጥሮ ይጠቅሳል፣ ያውም በሚያምር አማርኛ። የክስ ማመልከቻ ምን ምን እንዲይዝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 ይዘረዝራል፣ አንቀጽ 223 ደግሞ አብረው የሚያያዙትን። ጸሐፊው እነዚህን ከፊቱ አስቀምጦ ረቂቁን ነጥብ በነጥብ ካላመሳከረ ደንበኛው መዝገብ ቤት ደርሶ ይመለሳል።

በዚያ ላይ እዚህ ዳር መንገድ ሲሻገሩ የሥራ ቋንቋ ይለወጣል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በኩል ያለው ደብዳቤ በአማርኛ ነው፣ ገላን ሲገቡ በአፋን ኦሮሞ። ሁለቱንም አጥርቶ የሚጽፍ፣ የኤአይን ረቂቅ በሁለቱም የሚያርም ጸሐፊ ቶሎ የሚፈናቀል አይመስለኝም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የፊደሉ ችግር ይቀልለታል፤ ሞዴሎቹ የተማሩበት ጽሑፍ ግን ጥቂት ስለሆነ የቢሮ ቃላት ላይ ይደናቀፋሉ።

የስፌት መስመሩ ላይ የሚለወጠው

ሰፊዋ አትተካም ብያለሁ፤ አትነካም ግን አላልኩም። የሚነካት ታርጌቱ፣ በሰዓት እንድታወጣ የሚጠበቅባት ብዛት፣ ነው። አንድ ልብስ ለመስፋት የሚፈጀው መደበኛ ደቂቃ 12 ነው እንበል፣ መስመሩ ላይ 30 ኦፕሬተር አለ፣ ቅልጥፍናው 50 በመቶ ነው። 30 በ60 ደቂቃ ሲባዛ 1800፤ ግማሹ 900፤ ለ12 ሲካፈል በሰዓት 75 ልብስ። ከጣሪያ የተሰቀለ ካሜራና ሶፍትዌር ሲገባ ቅልጥፍናው 70 በመቶ መሆን ይችላል ብሎ ታርጌቱን 105 ያደርሰዋል። ሶፍትዌሩ መርፌ የተሰበረበትን፣ ክር የጠፋበትን፣ ጥቅል ከመቁረጫ ክፍል የዘገየበትን፣ መብራት የሄደበትን ደቂቃ ሁሉ የሰፊዋ ጥፋት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል፤ የቆመ ማሽን እንጂ የቆመበትን ምክንያት አያይም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ የእያንዳንዱን መቆም ሰዓትና ምክንያት በወረቀት መያዝ አለበት። የሠራተኛ ማኅበር ካለም የኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ያልተሠራበት ደቂቃ ከታርጌት ይቀነስ የሚል ሐረግ እንዲገባ ይታገል። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የሮቦት ወሬ የበለጠ የዛሬ ጉዳይ ነው።

ኳሊቲ ክፍል ደግሞ ይቀንሳል። ጨርቅ ሲመረመር በአራት ነጥብ ሥርዓት ነው፦ እስከ 3 ኢንች የሆነ እንከን 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4። በ100 ስኩዌር ያርድ ከ40 ነጥብ ያለፈ ጥቅል ብዙ ገዢ አይቀበልም። ካሜራ ይህን ሳይደክም ይቆጥራል። የሚያቅተው አቧራ ሌንሱ ላይ ሲያርፍ፣ የመብራቱ ኃይል ሲዋዥቅ፣ የጨርቁ ዲዛይን ሲለወጥ ነው፤ በየቀኑ ሌንስ ተጠርጎ፣ እንከኑ በሚታወቅ ቁራጭ ተፈትሾ መጀመር አለበት። መርማሪዎቹ ሁሉ አይወጡም፤ ሦስት የነበሩት አንድ ይሆኑና ያቺ አንዷ ካሜራውን የምታስተምር ትሆናለች።

እስካሁን በልብስ ፋብሪካዎቻችን ሠራተኛ ያስቀነሰው ግን ኤአይ እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከምትልክበት ዕድል፣ ስትወጣ ገበያ ጠበበ፣ ትእዛዝ ቀነሰ። አንድ ድርጅት «በቴክኖሎጂ ምክንያት» ብሎ ሲቀንስ ትእዛዙ ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጭነት መኪና ሾፌር፣ የባጃጅ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ግንበኛ፣ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ እነዚህን ለብዙ ዓመት አልሰጋላቸውም። ጥበቃ ትንሽ ይነካል፤ ካሜራ ያለበት መጋዘን ከአራት ጥበቃ ሁለት ሊያስቀር ይችላል፣ መብራት እስካልጠፋ ድረስ።

ቅነሳ ከመጣ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ሠራተኛ ለመቀነስ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ 10 በመቶውን ሠራተኛ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው፣ ከ10 ቀን ላላነሰ ተከታታይ ጊዜ ሲነካ ነው። ቀናሹ ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

የስንብት ክፍያውን ራሳችሁ አስሉት። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ቅነሳ ከሆነ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይታከላል። አማካይ የቀን ደመወዟ 200 ብር የሆነች፣ አራት ዓመት የሠራች ሠራተኛ 6,000 ሲደመር ሦስት ጊዜ 2,000፣ ማለት 12,000 ብር፣ ለቅነሳው ደግሞ ሌላ 12,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ይደርሳታል። ሂዱና ፈርሙ ሲባሉ ብዙዎች 12,000ውን ብቻ አይተው ይፈርማሉ። የመጨረሻ ሳምንታት የደመወዝ ወረቀት ሳይዙ ደግሞ ማስላት አይቻልም፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

አንድ ሁለት ሰው በየጊዜው ሲለቅ ቦታው ባዶ ሲቀር ግን፣ መጀመሪያ እንዳልኩት፣ ይህ ሁሉ አንቀጽ አይነሳም። ያልተቀጠረ ሰው ማስጠንቀቂያ የለውም።

ጀማሪዋ ምን ይዛ ትቅረብ

ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ይሰጣል፤ የኤአይ መግቢያም አለበት። ይወሰድ። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ግን ቀጣሪን አያሳምንም፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈም ብዙ ነው። የሚያሳምነው የታየ ሥራ ነው። የምመክረው ይህ ነው፦ 40 አሮጌ ወረቀት፣ ኢንቮይስ፣ ደብዳቤ፣ የቆጠራ ቅጽ፣ መልሳቸው የሚታወቅ ይሰብሰብ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር ይጥፋና በኮድ ይተካ፤ የድርጅትን ደመወዝ ዝርዝር እንዳለ ወደ ቻትጂፒቲ መለጠፍ ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው። 40ውን ለኤአይ ሰጥቶ የተሳሳተበትን በዓይነት መመዝገብ፦ ቀን ስንት ጊዜ፣ ስም ስንት ጊዜ፣ ድምር ስንት ጊዜ፣ የፈጠረው ስንት ጊዜ። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ያንን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይዛ ለቃለ መጠይቅ የምትቀርብ ልጅ «ኮምፒውተር እችላለሁ» ከሚለው ሃምሳ ሲቪ ትለያለች።

ለቀጣሪዎችም የምለው አለኝ፤ ደመወዝ አሰላልን ምሳሌ አድርጌ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ተቀይሯል፦ እስከ 2,000 ብር ነፃ፣ ከዚያ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35። ኤአይ የተማረው ባብዛኛው የድሮውን፣ 600 ብር ብቻ ነፃ የሚያደርገውን ስለሆነ ሳይጠየቅ ወደዚያ ይመለሳል። በ8,000 ብር ደመወዝ ላይ አዲሱ ግብር 300 ሲደመር 600 ሲደመር 250፣ ማለት 1,150 ብር ነው። በድሮው 1,445 ብር ይወጣል። በአንድ ሰው 295 ብር ተቆረጠ። ይህን የሚከፈላቸው 200 ሠራተኞች ካሉ በወር 59,000 ብር ከሠራተኛ ኪስ ያለአግባብ ወጣ፤ ጡረታው 7 በመቶ ትክክል ተቆርጦ፣ ወረቀቱም አምሮ ተዘጋጅቶ።

ሥራ አስኪያጁ ኤአይ አለኝ ብሎ የዘጋው የጀማሪ ጸሐፊ ቦታ በወር 9,000 ብር ቢሆን፣ አንድ የታክስ ስህተት የስድስት ጀማሪ ደመወዝ በላ። ቦታው ይከፈት። ጀማሪዋ በየወሩ ከፔይሮሉ (ከደመወዝ ዝርዝሩ) 20 ስም በዕጣ ታውጣ፤ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ የትርፍ ሰዓቱን በእጇ ታስላ፤ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ታመሳክር፤ ከሃያው አንዱ እንኳ ካልገጠመ ክፍያው ሳይወጣ ዝርዝሩ እንዳለ ይቁም። ከሥሩም ስሟን ጽፋ ትፈርም።